አርባ ኮከብ በአንድ ጣት

አንድ የገበያ ከተማ ውስጥ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ስሟ ዘነቡ። ድምፅዋ ከመናኸሪያው እስከ እህል በረንዳው ይሰማል። ስትስቅ የጎረቤቷ ሚዛን ይነቃነቃል እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሰው ግን የሚወዳት ለሳቋ ብቻ አልነበረም፤ ቃሏ ስለሚታመን ነው። ቅቤ ከገጠር በቅል ተሞልቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ሲመጣላት ላዩን አይታ አትገዛም። ከመቀነቷ ውስጥ አንዲት ቀጭን የወይራ እንጨት ትመዛለች። እሷን እስከ መሃሉ ትሰካና ታወጣለች፤ ታሸታለች፤ በእጇ ጀርባ ላይ ታሻለች፤ ጫፏን በምላሷ ትነካለች። ላዩ ለጋ፣ ውስጡ የተፈጨ ሙዝ የሆነውን ስንቱን ቅል አጋልጣለች መሰላችሁ። «ላዩንማ ማንም ይቀባዋል፤ ውስጡን ነው ማየት» ትላለች። እናም የከተማው ሴት ሁሉ «ዘነቡ ካለች አለች» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ከእሷ ይገዛል። ይህቺን እንጨት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጇ ትርሲት በመስቀል ስትመጣ በጣት የሚነካ ስልክ ይዛላት መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብላ አስተማረቻት። ከሁሉ ከሁሉ ዘነቡ የወደደችው የከተማው ሰው ስለ ሐኪሞች የሚጻጻፍበትን ገጽ ነው። የሐኪሙ ስም ይመጣል፤ ከሥሩ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል፤ ከኮከቡ ጎን የታከመው ሰው የሚለውን ይላል።

«ልክ እንደ ቅቤ ነው እማ፤ ደረጃ ታወጪለታለሽ» አለቻት ትርሲት።

«እንዲህ ከሆነማ ለእኔ የተሠራ ነው» አለች ዘነቡ፤ ሳቀች፤ ሚዛኑም ተነቃነቀ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ዘነቡን ራሷን ፈለጣት፤ ማጅራቷም ተገተረ። ገበያውን ለጎረቤቷ ለደብሪቱ አደራ ብላ ወደ ዶክተር ገረመው ክሊኒክ ሄደች። ዶክተር ገረመው ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ፊቱ ቶሎ የማይፈታ ሰው ነው። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ተራዋ ደረሰ ስትል አንዲት እናት የፈላ ውሃ የተደፋበት ልጅ ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ሐኪሙ ዘነቡን በእጁ «ይቆዩ» ብሎ ልጁን ይዞ በሩን ዘጋ። ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ። ልጁ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እንባው ደርቆ፣ ከረሜላ እየመጠጠ ወጣ። ዘነቡ ይህን በዓይኗ በብረቱ አይታለች።

ከዚያ ገባች። ሐኪሙ ክንዷ ላይ መለኪያውን አስሮ ነፋ፤ ፈታ፤ ትንሽ ጠበቀና እንደገና ነፋ።

«ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል» አላት። «ጨው ይቀንሱ። ይህቺን ኪኒን በየጠዋቱ አንድ አንድ ይዋጡ። በሳምንቱ ተመልሰው ይምጡ።»

«መርፌስ?»

«መርፌ አያስፈልግዎትም።»

«ግሉኮስስ ዶክተር? አቅም አንሶኛል እኮ።»

«ለዚህ ግሉኮስ አይሆንም። ጨው ይቀንሱ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጎልቼ ጨው ቀንሺ ልባል?»

«ሚጥሚጣውንም ቢቀንሱ አልጠላም» አለና ቀጣዩን ጠራ።

እናንተው ፍረዱ፤ በዚያ ከተማ መርፌ ያልወጋ ሐኪም ድግስ ጠርቶ ውሃ እንዳቀረበ ሰው ነው የሚቆጠረው። ዘነቡ ተናቅሁ አለች። ፊቷ ቀልቶ ወደ ገበያዋ ተመለሰች፤ ቅሎቿ መሃል ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። አንድ ኮከብ ነካች። ከዚያ ፊደል በፊደል እየለቀመች፣ «ብዙ ያስጠብቃል። መርፌ አይሰጥም» ብላ ጻፈች። መልሳ አነበበችው። እውነት ነው፤ ግን ጨው የጎደለው ወጥ መሰላት። ይህን አንብቦ ማን ይደነግጣል? ጣቷን አንሥታ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ጨመረችበት፦ «የጎረቤቴን ልጅ ወስደንለት በእጁ ላይ ሊሞት ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ልጃችሁን የምትወዱ እንዳትሄዱ።»

ልጁ ማን ነው? ያ ከረሜላ እየመጠጠ የወጣው ልጅ ነዋ፤ በእሷ አፍ ሊሞት የነበረ ሆነ። ጨው ቀንሺ በተባለች በሰዓቱ እንዲህ አድርጋ ጨው ነሰነሰች።

በማግሥቱ መቶ ምናምን ሰው ወዶላታል። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አተረፍሽን» የሚል አለ። «ዘነቡ ካለች አለች» የሚል አለ። ደስታዋ ወሰን አጣ። ራስ ምታቷን እንኳ ረሳችው፤ ኪኒኗን ግን በየጠዋቱ ትውጥ ነበር፣ እሷን ለማንም አልተናገረችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የገበያው ሴቶች ዕድር ተሰበሰበ። ስም ተጠራ፣ የቀረ ተመዘገበ፤ ሲያበቃ ወሬው ዶክተር ገረመው ላይ አረፈ።

«አንድ ሰው ብቻውን ቢናገር ማን ይሰማል?» አለች ዘነቡ። «ኮከብ የሚነካ ስልክ ያለን እኛ አርባ ነን። ስልካችሁን አምጡ።»

ሴቶቹ አብዛኞቹ ስልኩን ከዓረብ አገር ልጅ ስለላከላቸው ያዙት እንጂ፣ ከመደወል በቀር የሚያውቁት የለም። አንዷ «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለች፤ ሌላዋ «ስጫት ባክሽ፣ እሷ ታውቃለች» አለቻት። ስልኩ እንደ ዕድር መዋጮ በሰፌድ ተሰበሰበ። ዘነቡ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ በአንድ እያነሣች ነካች። አንድ ኮከብ። አንድ ኮከብ። አንድ ኮከብ። እየነካች ትስቃለች፤ እነሱም ይስቃሉ። ከዘነቡ በቀር ከእነዚያ ሴቶች መሃል የዶክተር ገረመውን ደጅ ረግጣ የምታውቅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ደብሪቱ።

የደብሪቱ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ኮከብ አያውቅም። ደብሪቱ ከዘነቡ ቀጥሎ ሽሮና ምስር የምትሸጥ፣ በአንድ ሸራ ጥላ ሥር ዐሥራ አራት ዓመት አብራት የኖረች ሴት ናት። የስኳር ሕመም አለባት፤ ከእግሯም ሥር ቁስል ወጥቶባት በየሳምንቱ ሐሙስ ዶክተር ገረመው ያይላታል።

«እኔን እኮ ይቆጣኛል እንጂ ደህና ነው የሚያየኝ» አለች ቀስ ብላ።

«ይቆጣኛል ትያለሽ ራስሽ» አለች ዘነቡ።

«በፕላስቲክ ጫማዬ ነው የሚቆጣኝ። ሰፊ ጫማ ካላደረግሽ እግርሽን ታጫለሽ አለኝ።»

«ሐኪም ነው ወይስ የጫማ ዘበኛ? አንቺ ደግሞ ቁጣ ሁሉ ፍቅር ይመስልሻል፤ ባልሽም እንዲሁ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ደብሪቱም አብራ ሳቀች። ሰው ሲስቅብሽ አብረሽ ካልሳቅሽ ተቀየመች ትባያለሽ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ወደ ዶክተር ገረመው አልሄደችም። ቁስሉ ስለዳነ አይደለም፤ አርባ ሴት አንድ ኮከብ የሰጠው ሰው በር ላይ ብትታይ «ዕድሩን ናቀች» እንዳይሏት ነው። ይሉኝታ ስንቱን ከመድኃኒቱ አስቀርታለች መሰላችሁ።

ደብሪቱ የሄደችው ከመንገዱ ማዶ ወደ ተከፈተው ክሊኒክ ነው። እዚያ በሩ ላይ አምስት ትልልቅ ኮከብ ተስሏል። ሐኪሙ ምላሱ ማር ነው። «እናቴ፣ እንኳን ወደ ቤትዎ መጡ» ይላል፤ ወንበር ይስባል፤ በገባች ቁጥር መርፌ አለ። ደብሪቱ ተመልሳ ስትመጣ «እንዲህ ነው እንጂ» ትላታለች ዘነቡ። የማዶው ሐኪም እግሯንም በነጭ ፋሻ አሳምሮ ይጠቀልልላታል። በሳምንቱ ስትመለስ በዚያ ላይ ሌላ ነጭ ፋሻ ይደርብበታል። በሳምንቱ ሌላ። ስኳር እግርን ያደነዝዛልና ደብሪቱን አያማትም፤ ካላመማት ደግሞ እየዳነች መሰላት። ፋሻውማ እንደ ጥምቀት ልብስ ነው፤ ንጣቱ ዓይን ይወጋል።

ዶክተር ገረመውስ? አግዳሚው ባዶ ሆነ። ሰው በበሩ ሲያልፍ መንገድ ይሻገራል። ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን በስሙ ያስፈራራ ጀመር። ምላስ አጥንት የላትም፤ አጥንት ግን ትሰብራለች ይባል የለ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው በደራ ሰዓት፣ ዘነቡ አንድ ጠረን ሸተታት። የቅቤ ነጋዴ አፍንጫ አይዋሽም። «አንዱ ቅል ተበላሽቶብኛል» አለች። የወይራ እንጨቷን መዝዛ የመጀመሪያውን ቅል ወጋች፤ ደህና ነው። ሁለተኛውን ወጋች፤ ደህና ነው። በኮባ የተጠቀለለውን ፈታች፤ እንደ አበባ ይሸታል። ገዢ አቁማ ዐሥራ ሰባቱንም ወጋች። አንድም የተበላሸ የለም፤ ጠረኑ ግን አለ። አጎንብሳ በሸራው ጥላ ሥር አፍንጫዋን እየተከተለች ሄደች፤ ሄደች፤ ደብሪቱ እግር ላይ ቆመች።

«ደብሪቱ፣ ይህ ፋሻ መቼ ነው የተፈታው?»

«አይፈታም እኮ። ይደረብበታል።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ?»

«ነጭ አይደል እንዴ?» አለች ደብሪቱ። ግንባሯ በላብ ወርዝቷል፤ ዘነቡ እጇን ስትነካት እንደ ምድጃ ድንጋይ አቃጠላት።

ዘነቡ ፋሻውን ፈታች። አንዱ ነጭ፣ ሁለተኛው ነጭ፣ ሦስተኛው ቢጫ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ልተርክላችሁ አልፈልግም። ሁለቱ ጣቶች ጠቁረዋል። ላዩ ለጋ፣ ውስጡ የተበላሸ። ይህን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ከቅቤ ውስጥ ስታወጣ የኖረች ሴት፣ ከጎረቤቷ እግር ላይ ሁለት ወር ሙሉ ሳታየው ቀርታ ነበር።

«ወደ ማዶው ውሰጂኝ» አለች ደብሪቱ። «አምስት ኮከብ ነው።»

ዘነቡ ግን እንዲህ ጠየቀቻት፦ «ይህን እግር ፈትቶ ያየው ሐኪም ማን ነው? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ዶክተር ገረመው ነዋ። ሁልጊዜ ይፈታዋል። ያሸተዋል ሁሉ።»

«ያሸተዋል?»

«አፍንጫውን አስጠግቶ። አንቺ ቅቤ እንደምታሸቺው።»

ዘነቡ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ደብሪቱን በባጃጅ አሳፈረች፤ ቅቤውንም እንደተከፈተ ጥላው ሄደች።

የዶክተር ገረመው በር ክፍት ነበር። አግዳሚው ላይ ሰው የለም። ውስጥ ካርቶን ተደርድሯል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ወርዷል። ሰውየው በቀጣዩ ዓርብ ከተማውን ሊለቅ ዕቃውን ሲጠቀልል ነው የደረሱት። ደብሪቱን ሲያይ ካርቶኑን ከአልጋው ላይ አወረደ፤ አስተኛት፤ መሬት ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። አፍንጫውን አስጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከታሰረው ካርቶን ዕቃውን መልሶ አውጥቶ አጠበላት፤ የሞተውን ሥጋ ቆረጠ፤ መድኃኒት ሰጣት፤ ለትልቁ ሆስፒታል ደውሎ «አሁኑኑ ትመጣለች፤ እግሯ ይተርፋል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱ ጣቶች ግን የሚተርፉ አይመስለኝም» አለ። አልተቆጣትም። ጫማዋን አየና ወደ ጎን ብቻ አደረገው።

ከዚያ እጁን እየታጠበ ወደ ዘነቡ ዞረ።

«ወይዘሮ ዘነቡ ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«ከጽሑፍዎ ጎን ባለው ፎቶዎ አወቅኩዎት። ቅል አቅፈው የተነሡት።»

ዘነቡ መሬት መሬት አየች። ስድብ ጠበቀች። ብትሰደብ የምትመልሰው አታጣም፤ ለስድብ መቼም ባዶ እጇን ሆና አታውቅም።

«ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» አላት።

«የቱ ልጅ?»

«የጎረቤትዎ ልጅ። እጄ ላይ ሊሞት ነበር ብለው የጻፉለት።» ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። «ያን ካነበብኩ ወዲህ ካርዶቼን ሁሉ አገላብጫለሁ፤ ያየኋቸውን ልጆች አንድ በአንድ። የፈላ ውሃ የተደፋበትን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ደህና ነው፣ ኳስ ይጠልዛል። ሌላ አላገኘሁም። ምን እንዳጠፋሁ አላውቀውም። ስሙን ይንገሩኝና እናቱን ይቅርታ ልጠይቃት፤ ሳልጠይቅ ከዚህ ከተማ መውጣት ከብዶኛል።»

ያ ከመናኸሪያ እስከ እህል በረንዳ የሚሰማ ድምፅ ጠፋ። ደብሪቱ አልጋው ላይ ሆና ፊቷን ወደ ዘነቡ አዞረች።

«ዘነቡ፣ የማን ልጅ ነው?»

«የማንም።»

«እንዴት የማንም?»

«ልጁ የለም» አለች ዘነቡ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ክፍሉ ውስጥ ውሃው ብቻ ይንጠባጠብ ነበር። ዶክተር ገረመው ቧንቧውን ዘጋ። እጁን በፎጣ ቀስ ብሎ አደረቀ። ከዚያ ረዥም ትንፋሽ ተንፍሶ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ምንም የሆነ ልጅ የለማ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ወገኖቼ፣ ቢመታት ይሻላት ነበር። ቢሰድባት፣ ቢከስሳት፣ በሩን ቢዘጋባት ይቀላት ነበር። እሷ ስሙን ስትገድል እሱ ሁለት ወር ሙሉ ለሌለ ልጅ ሲያለቅስ ኖሯል። ዘነቡ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። ደብሪቱን እንዳታይ እግሯ አለ፤ ሐኪሙን እንዳታይ ፊቱ አለ፤ ግድግዳው ደግሞ ባዶ ነው፤ ባዶ ያደረገችው እሷ ናት።

ደብሪቱ በትልቁ ሆስፒታል ሁለት ጣቶቿን አጣች፤ እግሯ ተረፈ። ዘነቡ በዚያው ሰሞን ለትርሲት ደውላ «የጻፍኩትን እንዴት ነው የማጠፋው?» አለቻት። ልጅቷ ነገሩን ከሰማች በኋላ መለሰችላት፦ «ያንቺን አንቺ ታጠፊዋለሽ እማ። የሌሎቹን ግን በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ነው። አንድ በአንድ ነው።»

«አንድ በአንድ ነው ያደረግኩትም» አለች ዘነቡ።

በቀጣዩ የዕድር እሑድ ስም ተጠርቶ ሲያበቃ ዘነቡ ተነሥታ ሰፌዱን መሃል አስቀመጠች።

«ስልካችሁን መልሳችሁ ስጡኝ» አለች። «ኮከቡን ላንሣ።»

«ለምን? ያቺ ስለ ልጁ የተጻፈችው ነገር እኮ...» አለች አንዷ።

«ዋሽቼ ነው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ከወደ ኋላ ያለችው በርበሬ ነጋዴዋ አስናቁ፣ «እኛንም አዋሸሽን ማለት ነው?» አለቻት። «እኔ በዚያ ኮከብ የተነሣ ለእህቴ ልጅ ሩቅ አገር ሐኪም ፈልጌያለሁ።» ዘነቡ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ስልክሽን ማን ቀማሽ?» ባለቻት ነበር። አሁን አንገቷን ደፋች። አንዲት አሮጊት ግን ቀስ ብለው፣ «ልጄ አስናቁ፣ እሷስ ነካች፤ እኛ ስንሰጣት ልጁ የማን ነው ብለን ጠይቀናታል?» አሉና ስልካቸውን ቀድመው ሰፌዱ ላይ አኖሩ።

ሃያ ዘጠኙ ኮከብ ተነሣ። የቀሩት ዐሥራ አንዱ አልተነሡም። አንዷ ስልኳን ሸጣዋለች፤ አንዷ የሚስጥር ቁጥሯን ረስታዋለች፤ አንዷ ወደ ልጇ ሄዳ አገር ቀይራለች፤ አንዷማ ይቅርታ አላደርግልሽም ብላ ስልኳን አልሰጥም አለች። እነዚያ ዐሥራ አንዱ ዛሬም እዚያው ገጽ ላይ ናቸው። ዶክተር ገረመውም በተባለው ዓርብ ሄዷል፤ ክሊኒኩ ዛሬ ፍራሽ ይሸጥበታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን፤ ከጣት የወጣውም ያው ሆኖ ተገኘ።

የዘነቡ ቅቤ እንደ ድሮው ለጋ ነው። ገዢው ግን እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፍኖ አይገዛም። ይመጣል፣ ያየዋል፣ ያመነታል። እሷም የወይራ እንጨቷን ከመቀነቷ አውጥታ ታቀብለዋለች። «ውጋው» ትለዋለች፤ ሲወጋም ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች።

ደብሪቱ ለስላሳና ሰፋ ያለ ጫማ አድርጋ በዚያው ሸራ ሥር ተመልሳለች። ስለ እግሯ አንድ ቀን ወቅሳት አታውቅም፤ ይኸው ነው ዘነቡን ቀን ከቀን የሚበላት። አንድ ጠዋት ግን ሽሮዋን እየነፋች፣ «ዘነቡ፣ ያ ሐኪም የሄደበትን ከተማ ስልክሽ ያውቀዋል?» አለቻት።

«ያውቀዋል።»

«እንግዲያው እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።»

ዘነቡ ስልኳን አወጣች። ኮከቡን ካነሣች ወዲህ ያን ገጽ ከፍታው አታውቅም፤ ጣቷ ፈራ። ደብሪቱ እየተናገረች ዘነቡ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈች፦ «ያስጠብቃል። ይቆጣል። መርፌ ካላስፈለገ አይወጋም። ፋሻ ፈትቶ ያያል። እኔ ደብሪቱ ሁለት ዓመት ታክሜበታለሁ፤ ሌላ ቦታ ሄጄ ሁለት ጣት አጥቻለሁ።»

ዘነቡ መልሳ አነበበችላት። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ፊደሉ ተደባልቆባታል።

«ትንሽ ላሳምርልሽ?» አለቻት።

«ተዪው» አለች ደብሪቱ። «ጨው እንዳትጨምሪበት።»

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ፣ ለራሳችሁ ያዙት፤ ለሌላም ንገሩት። ኮከብ የሐኪምን እጅ አያሳይም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የታማሚውን ኩርፊያ ወይም የሐኪሙን ምላስ ነው። አርባ ሰው አንድ ነገር ሲል ብትሰሙ አርባ ዓይን አይቷል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ አንድ ጣት ሊሆን ይችላል። የጻፈው ሰው ታክሞ ነው ወይስ ሰምቶ? ያየውን ነው የሚናገረው ወይስ የተቀየመውን? ከላይ የተቀባውን ትታችሁ እንጨቷን እስከ መሃሉ ስደዷት። ስትጽፉም እንዲሁ፤ በእናንተ ቃል ላይ ተማምኖ እግሩን የሚያነሣ ሰው አለ፤ መልካሙን ሰው ለማሳጣትም ይሁን ክፉውን ለማስወደድ ያላያችሁትን አትጨምሩ።

እስቲ አሁን ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራሳችሁ ስጡ። እናንተ ከጻፋችሁት ወይም ካስተላለፋችሁት ውስጥ፣ አንድ ሰው መጥቶ «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» ቢላችሁ፣ ስሙን መናገር የማትችሉት ልጅ የለም?